በፓዱዋ የቅዱስ እንጦንዮስን መቃብርና ቅዱሳት ዐፅሞች ለመሳለም፦ የተሳላሚ መመሪያ

በሰሜናዊ ጣሊያን በፓዱዋ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ እንጦንዮስ ባሲሊካ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ተሳላሚዎችን ሲቀበል የኖረ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። የቅዱሱ መቃብር በውስጡ ይገኛል፤ ከመቃብሩ ተለይተው የወጡት ምላሱ፣ የመንጋጋ አጥንቱና የድምፅ መስጫ አካሉ ቅሪት ደግሞ በአንድ ልዩ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ በከበረ ማኅደር ተቀምጠው ለሕዝብ ይታያሉ። ይህ ጽሑፍ ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ምን ማወቅ እንደሚገባው፣ መቼ ቢሄድ እንደሚሻለው፣ ከገባም በኋላ በምን ቅደም ተከተል ቢዘዋወር እንደሚበጀው ያስረዳል። ዓመታቱና ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከመንገዱ በፊት ታሪኩን ማወቅ

ጉዞ ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ባቡሩና ስለ ማረፊያው ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የቅዱሱን ሕይወት ማንበብ ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በዚያ ጸሎት ቤት ውስጥ በወርቅ ተከቦ የሚታየው ነገር በራሱ ለዓይን የሚማርክ አይደለም፤ የጠቆረ፣ የደረቀና የተሸበሸበ ትንሽ ሥጋ ነው። ያ ምላስ የማን እንደ ነበረና ምን ሲናገር እንደ ኖረ ሳያውቅ ከፊቱ የሚቆም ሰው ወይ ይደነግጣል፣ ወይ እንደ ሙዚየም ዕቃ አይቶት ያልፋል። ታሪኩን ይዞ የሄደ ሰው ግን ከአካሉ ሁሉ ይህ ክፍል ለምን ተለይቶ እንደ ተጠበቀ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

በመጀመሪያ ሁለቱን ቅዱሳን መለየት ያስፈልጋል። እኛ እንጦንስ ሲባል ወደ ልባችን የሚመጡት የግብጹ የበረሃ አባት፣ የመነኮሳት አለቃ የሚባሉት አባ እንጦንስ ናቸው። የፓዱዋው እንጦንዮስ ከእኒህ አባት ዕረፍት በኋላ ከ800 ዓመታት በላይ ቆይቶ በፖርቱጋል፣ በሊዝበን ከተማ፣ በ1195 ገደማ የተወለደ ሰው ነው። የልጅነት ስሙ ፌርናንዶ ነበር። በወጣትነቱ የአውግስጢኖስን ሥርዓት ከሚከተሉ ካህናት ማኅበር ገብቶ በኮይምብራ ሲማር ሳለ፣ በ1220 በሞሮኮ ስለ እምነታቸው የተገደሉ የአምስት ፍራንቸስካውያን፣ ማለትም ቅዱስ ፍራንቸስኮስ የመሠረተው ማኅበር መነኮሳት፣ ሰማዕታት ዐፅም ወደዚያች ከተማ መጣ። የወጣቱ ልብ በእነዚያ ሰማዕታት ተነካ፤ የነበረበትን ማኅበር ትቶም ወደ ፍራንቸስካውያን ገባ፤ የገባበት ትንሽ ገዳም በግብጹ አባ እንጦንስ ስም የተሰየመ ነበርና ስሙን ከእርሳቸው ወሰደ። ዛሬ ሕዝብ ዐፅሙን ለመሳለም የሚሰለፍለት ቅዱስ እርሱ ራሱ በቅዱሳን ዐፅም ምክንያት የሕይወቱን መንገድ የለወጠ ሰው መሆኑን ተሳላሚው ቢያስታውስ መልካም ነው።

እንደ ሰማዕታቱ በሞሮኮ ለመሞት ተመኝቶ ሄደ፤ ነገር ግን በሽታ ያዘውና ሲመለስ መርከቡን ማዕበል ወደ ሲሲሊ ገፋት፤ በዚህም መንገድ ጣሊያን ገባ። በ1222 በፎርሊ ከተማ በተደረገ የክህነት ሹመት ላይ ሌላ የተዘጋጀ ሰባኪ በመጥፋቱ አለቃው ተነሥተህ ተናገር ብሎ አዘዘው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምተኛ ሆኖ የሚታወቀው መነኩሴ ሲናገር የሰሙት ሁሉ ተደነቁ። ከዚያ በኋላ ሥራው ስብከት ሆነ፤ ቅዱስ ፍራንቸስኮስም ለወንድሞች ነገረ መለኮት እንዲያስተምር በደብዳቤ ፈቀደለት። በ1231 የዐቢይ ጾም ወራት በፓዱዋ ሲሰብክ አብያተ ክርስቲያናቱ ሕዝቡን ስላልበቁ ወደ ሜዳ ወጥቶ ነበር የሚያስተምረው። ያን ጊዜ በከተማዪቱ አራጣ ብዙ ድሆችን አስጨንቆ ይዞ ነበር፤ እርሱ ባቀረበው ልመና የፓዱዋ ሸንጎ በማርች 15 ቀን 1231 ያለውን ንብረት ሁሉ ያስረከበ ባለዕዳ በዕዳው ምክንያት እንዳይታሰር የሚል ሕግ አወጣ። እኔን ከተአምራቱ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ በመስታወት ውስጥ የሚታየው ምላስ እስረኛ ያስፈታ ምላስ ነው።

በዚያው ዓመት በጁን 13 ቀን፣ ታምሞ በበሬ ጋሪ ወደ ፓዱዋ ሲወሰድ፣ ከከተማዪቱ ቅጥር ውጭ አርቼላ በምትባል ስፍራ በ36 ዓመቱ ገደማ ዐረፈ። ሥጋው የት ይቀበር በሚል በሰፈሮች መካከል ክርክር ተነሥቶ ቀብሩ እስከ ማክሰኞ ጁን 17 ቆየ፤ ማክሰኞ የእርሱ መታሰቢያ ቀን ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በሜይ 30 ቀን 1232 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ ቅድስናውን ዐወጁ፤ የባሲሊካውም ግንባታ በዚያው ዓመት ተጀመረ።

ዐፅሙ ወደ አዲሱ ሕንፃ በአፕሪል 8 ቀን 1263 ሲፈልስ መቃብሩ ተከፈተ። በሥነ ሥርዓቱ የተገኘው የፍራንቸስካውያን ማኅበር ጠቅላይ አለቃ ቅዱስ ቦናቬንቱራ ነበር። ሥጋው ወደ ዐፈር ተመልሶ ሳለ ምላሱ ሳይፈርስ ተገኘ፤ ቦናቬንቱራም በእጁ ይዞ፣ ዘወትር እግዚአብሔርን ያመሰገንሽ፣ ሌሎችም እንዲያመሰግኑት ያደረግሽ የተባረክሽ ምላስ ሆይ፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ያለሽ ክብር አሁን ተገለጠ ብሎ እንደ ተናገረ ይተረካል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ምላሱ ከሌላው ዐፅም ተለይቶ ይጠበቃል። መቃብሩ ዛሬ ባለበት ቦታ የተቀመጠው በ1350 ነው። በጃንዋሪ 1981 ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ፈቃድ እንደ ገና ተከፍቶ በሐኪሞችና በሌሎች ባለሙያዎች ተመርምሯል፤ አሁን የሚታየው የድምፅ መስጫ አካል ቅሪት የተለየው ያን ጊዜ ነው። ዐፅሙ በሙሉ በመስታወት ሣጥን ሆኖ ወደ መቃብሩ ተመልሷል፤ በፌብሩዋሪ 2010 ለጥቂት ቀናት ለሕዝብ ታይቶ ነበር፤ ከዚያ በቀር በመደበኛው ጊዜ ተሳላሚው የሚያየው የተዘጋውን መቃብርና በጸሎት ቤቱ ያሉትን ቅሪቶች ነው።

ዐፅም መሳለም ማለት ምን ማለት ነው

የቅዱሳንን ዐፅም ማክበር ለብዙ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 13፥21 የነቢዩ ኤልሳዕን ዐፅም የነካው ሙት እንደ ተነሣ፣ በሐዋርያት ሥራ 19፥12 ደግሞ ከጳውሎስ ሰውነት የተወሰደ ጨርቅ ድውያንን እንደ ፈወሰ ተጽፏል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በዚህ መሠረት ላይ ቆማ፣ በ1563 በትሬንት ጉባኤ ባጸናችው ትምህርት፣ ዐፅማቸው የሚከበረው የክርስቶስ ሕያዋን ብልቶችና የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያዎች ስለ ነበሩ ነው ትላለች። አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለቅዱሱ የሚሰጠው አክብሮትና የምልጃ ልመና ነው። ይህን ልዩነት በልቡ የያዘ ሰው በዚያ ሲደርስ የሚያየውን ሁሉ በትክክል ይረዳል።

ይህን ልማድ የማይቀበል የሌላ እምነት ተከታይም ቢሆን ባሲሊካው በሩን አይዘጋበትም። መሳም፣ መንካት ወይም መንበርከክ ግዴታ አይደለም፤ በተራው አልፎ በጸጥታ መመልከት ብቻ ይበቃል። ከቤተሰቡ ጋር የሄደና በልቡ ያልተስማማ ሰው ካለ ደጅ ከማስቀረት ይልቅ ይህን አስቀድሞ ቢነግሩት ጉዞው ለሁሉም የተመቸ ይሆናል።

መቼ መሄድ ይሻላል

ዓመታዊው በዓል ጁን 13 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 6 ነው። ከሜይ 31 ጀምሮ ለ13 ቀናት የዝግጅት ጸሎት ይደረጋል፤ በበዓሉ ዕለት ቅዳሴው ይደጋገማል፤ የተባረከ ዳቦ ይታደላል፤ ከሰዓት በኋላም ቅዱሱን የሚያስታውስ ሐውልትና የዐፅሙ ቅሪት በከተማው ጎዳናዎች ይዞራል። ዕለቱ እጅግ የሚያስደስት ነው፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ከመቃብሩ ፊት የሚገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በዓሉን ትቶ በተራ የሥራ ቀን በማለዳ ቢደርስ ይሻላል። በዓሉን ማየት የሚፈልግም ከተቻለ ከአንድ ቀን በፊት ገብቶ መቃብሩን ቢሳለምና በዋናው ዕለት ዑደቱን ብቻ ቢከተል ሁለቱንም ያገኛል።

ሁለተኛው በዓል ፌብሩዋሪ 15 አካባቢ ይውላል፤ የዐፅሙ ፍልሰት የሚታሰብበት ሲሆን ሕዝቡ የምላሱ በዓል ይለዋል። ከጁኑ በዓል ጋር ሲነጻጸር ጸጥ ያለ ነው፤ የአየሩ ብርድ ካላስፈራ ለጸሎት የምመርጠው ይህን ነው። ማክሰኞ ዕለት የሚሄድ ሰው ደግሞ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚዘመረውን የቅዱሱን የላቲን መዝሙር ሊሰማ ይችላል።

እሑድ ቅዳሴ በቅዳሴ ላይ ስለሚከታተል ለመዘዋወር አይመችም። በማንኛውም ቀን ቢሆን ቅዳሴ እየተቀደሰ ሳለ በቤተ መቅደሱ ውስጥ እየዞሩ ሥዕል መመልከት ነውር መሆኑን ማሰብ ይገባል፤ የቅዳሴውን ሰዓት አስቀድመው ከባሲሊካው መረጃ ይዩና ወይ ለማስቀደስ፣ ወይ ከቅዳሴ በኋላ ለመሳለም ያቅዱ። የመክፈቻና የመዝጊያው ሰዓት በክረምትና በበጋ ስለሚለያይ እርሱንም በዚያው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መድረሻውና አለባበሱ

ፓዱዋ ከቬኒስ በባቡር የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ከባቡር ጣቢያው ትራም ይዞ ሳንቶ በሚባለው ፌርማታ መውረድ ይቻላል፤ በእግር ለሚሄድም መንገዱ በከተማው መካከል የሚያልፍ የግማሽ ሰዓት ያህል ነው። አቅጣጫ ሲጠይቁ ኢል ሳንቶ ይበሉ፤ የከተማው ሰው ባሲሊካውን የሚጠራው እንዲህ ነው። ከፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ ቀራፂው ዶናቴሎ በ15ኛው መቶ ዘመን የሠራው፣ ጋታሜላታ የተባለ የጦር አለቃ የፈረሰኛ ሐውልት ቆሟል፤ ከኋላው ክብ ጉልላቶችና ረጃጅም የደወል ማማዎች ሲታዩ መድረስዎን ያውቃሉ።

ለመግባት ክፍያ የለም፤ ቲኬትም አይቆረጥም። ማንም ሰው በመንገድ ላይ የመግቢያ ገንዘብ ቢጠይቅዎ አይስጡ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል፤ በበጋ ሙቀት ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ከበር ይመለሳልና ቀለል ያለ ነጠላ ወይም ሻርፕ በቦርሳ መያዝ ይጠቅማል። ሴቶች ፀጉራቸውን እንዲሸፍኑ አይገደዱም፤ መሸፈን የለመደች ግን ብትሸፍን የሚቃወማት የለም። ወንዶች ባርኔጣ ያወልቃሉ። ጫማ አይወለቅም። ወንዶችና ሴቶች የሚቀመጡት በአንድነት ነው። ሻንጣ ይዞ መግባት ስለማይመች ማረፊያ ቦታ ወይም ጣቢያው ላይ አስቀምጠው ይምጡ። በውስጥ ፎቶ ማንሳት የተከለከለ ነው፤ ስልክዎን ከበሩ ሳያልፉ አጥፍተው ወደ ኪስዎ ይክተቱት።

ከበሩ እስከ መቃብሩ

እንደ ገቡ በበሩ አጠገብ የተባረከ ውኃ ያለበት የድንጋይ ገበታ ያገኛሉ፤ ካቶሊካውያን ጣታቸውን ነክረው ያማትባሉ። በስተቀኝ በኩል ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበት ጸሎት ቤት አለ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ወደ ቅዱሱ ዐፅም ለመድረስ ሲቸኩል ይህን ጸሎት ቤት ሳያየው ያልፋል፤ በካቶሊክ እምነት ግን ክርስቶስ ራሱ በቅዱስ ቁርባን በዚያ አለ፤ ቅዱሱም ዕድሜ ልኩን የሰበከው እርሱን ነው። አማኝ የሆነ ተሳላሚ በመጀመሪያ እዚህ ተንበርክኮ ቢጸልይ ቅደም ተከተሉን ጠበቀ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ግራው ክንፍ ይሂዱ። በነጭ እብነ በረድ የተሠራው የመቃብሩ ጸሎት ቤት እዚያ ነው። በመካከሉ ከፍ ያለ መንበር አለ፤ የቅዱሱ ዐፅም የሚያርፈው በዚህ መንበር ውስጥ ነው። ተሳላሚዎች ከአንድ ወገን ተሰልፈው ወደ መንበሩ ጀርባ ይዞራሉ፤ እዚያ የመቃብሩ ድንጋይ ለእጅ ቅርብ ሆኖ ይገኛል፤ መዳፋቸውን በድንጋዩ ላይ አኑረው ይጸልያሉ። ስንት ዘመን ስንት እጅ እንዳረፈበት የድንጋዩ ልስላሴ ይናገራል። አንዳንዱ ግንባሩን ያስነካል፤ አንዳንዱ የታመመ ዘመዱን ፎቶ ወይም የሕፃን ልብስ ያስነካል፤ በጽሑፍ ልመናውን ትቶ የሚሄድም ብዙ ነው።

ከድንጋዩ አጠገብ ብዙ መቆየት አይቻልም፤ ከኋላ ሰው አለና። ስለዚህ የሚለምኑትን ከሰልፉ ሳሉ በልብዎ ያዘጋጁ። የብዙ ሰው አደራ ይዘው የሄዱ እንደሆነ ስማቸውን በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ስም ሁሉ ከአእምሮ ይጠፋል። እጅዎን አኑረው አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያህል ጊዜ ጸልየው ይለፉ፤ ከዚያ በኋላ ከመንበሩ ፊት ባሉት መቀመጫዎች ተቀምጠው የፈለጉትን ያህል መቆየት ይችላሉ። እኔ ዋናው ጸሎት መሆን ያለበት ይህ ሁለተኛው ነው እላለሁ።

ተቀምጠው ሳሉ ዙሪያውን በግድግዳው ላይ ያሉትን 9 የእብነ በረድ ቅርጾች ይመልከቱ። በ16ኛው መቶ ዘመን ታላላቅ ቀራፂዎች የሠሯቸው ሲሆኑ የቅዱሱን ሕይወትና ተአምራት ያሳያሉ። በአንደኛው አንቶኒዮ ሎምባርዶ የቀረጸው ጨቅላ ሕፃን አፉን ከፍቶ የእናቱን ንጽሕና ሲመሰክር ይታያል። በሌላው የቱሊዮ ሎምባርዶ ሥራ የሞተ ስስታም ሰው ደረቱ ተከፍቶ ልብ ይታጣለታል፤ ልቡ የተገኘው በገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ መዝገብህ ባለበት ልብህ በዚያ ይሆናል የሚለውን የወንጌል ቃል በድንጋይ ያስነበበ ሥራ ነው። የአራጣውን ነገር የሚያስታውስ ሰው ይህ ታሪክ በፓዱዋ ለምን እንደ ተወደደ ይረዳል።

ከመቃብሩ ጸሎት ቤት ቀጥሎ ጨለም ያለች ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፤ ፊቷ ጠቆር ካለው የእመቤታችን ሐውልት የተነሣ የጥቁሯ ማዶና ትባላለች። ሰው የሚበዛው በመቃብሩ በኩል ስለሆነ ይቺን የሚያስተውላት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከባሲሊካው በፊት በዚህ ስፍራ የነበረችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ናት፤ ቅዱሱ ሲሞት እንዲወሰድባት የተመኛት፣ መጀመሪያም የተቀበረባት እርስዋ ናት። ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ከመላው ባሲሊካ የምመክረው ቦታ ይህ ነው።

የቅዱሳት ዐፅሞች ጸሎት ቤት

ከዚያ በዋናው መንበር ጀርባ በግማሽ ክብ በሚዞረው መተላለፊያ ይቀጥሉ። በዙሪያው ልዩ ልዩ ጸሎት ቤቶች አሉ፤ የዐፅሞቹ ጸሎት ቤት ከሁሉም መካከል፣ ከዋናው መንበር ቀጥታ በስተጀርባ ይገኛል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የታዋቂው ቀራፂ የበርኒኒ ተማሪ የነበረው ፊሊፖ ፓሮዲ ያዘጋጀው ሲሆን ከሌላው የባሲሊካው ክፍል በጌጥ ብዛት ይለያል፤ መላእክቱና የደመና ቅርጾቹ ዓይንን ወደ ላይ ይወስዳሉ። እንዲህ ያለውን ጌጥ ባልወደው እንኳ ዓላማውን አከብራለሁ፤ ሠሪው ትንሿን ቅሪት በታላቅ ክብር ለመክበብ ነው የደከመው።

ተሳላሚዎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየተከተሉ ጥቂት ደረጃ ወጥተው ከማኅደሮቹ ፊት ያልፋሉ። ዋናውን፣ የምላሱን ማኅደር፣ በመካከለኛው መስኮት ውስጥ ይፈልጉ፤ በ15ኛው መቶ ዘመን በወርቅ አንጥረኛ የተሠራ ረጅም፣ ባለ ጉልላት ዕቃ ነው፤ ቅሪቱ በመስታወቱ ውስጥ ቆሞ ይታያል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ በችኮላ የሚያልፍ ሰው ሳያየው ይወርዳልና ከመድረስዎ በፊት ዓይንዎን ወደዚያ ያዘጋጁ። የመንጋጋው ማኅደር የሰው ራስና ትከሻ ቅርጽ ያለው በመሆኑ በቀላሉ ይለያል። የድምፅ መስጫው አካል ቅሪት ያለበት ማኅደር ደግሞ አዲስ ሥራ ነው። በዚያው ጸሎት ቤት በ1981 ከመቃብሩ የወጡት የእንጨት ሣጥኖችና የቅዱሱ ቀሚስ ቅሪት ይታያሉ። ይህን ቀሚስ ሳያዩ አይለፉ፤ በዙሪያው ካለው ወርቅ ሁሉ ይልቅ ድህነትን መርጦ የኖረውን ሰው የሚያስታውሰው ያ ሻካራ ጨርቅ ነው።

መስታወቱን መንካትም ሆነ መሳም አይቻልም። ጥበቃው ጠንከር ያለበት ምክንያት አለው፤ በኦክቶበር 1991 የታጠቁ ዘራፊዎች ምዕመናን ባሉበት ገብተው የመንጋጋውን ማኅደር ወስደውት ነበር፤ ከሁለት ወር ያህል በኋላ ሮም አጠገብ ተገኝቶ ተመልሷል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ ቶሎ እለፉ ቢሉ ክፉ እንዳይመስልዎ።

ሕፃናት ይዘው የሚሄዱ ወላጆች የሚያዩትን አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው። ሕፃን የሚፈራው ያልተነገረውን ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ብዙ የተናገረ የአንድ ደግ ሰው ምላስ ነው፣ ሰዎች ስለሚወዱት ጠብቀውት ነው ከተባለ በአብዛኛው ሳይደነግጥ ይመለከታል። በፊቱ ሲደርሱ ምን እንደሚጸለይ ለሚጠይቅ ሰው የእኔ ምክር ስለ ራሱ አንደበት እንዲለምን ነው፤ ስለ ተናገረው ክፉ ቃል ይቅርታን፣ መናገር ሲገባው ስለ ዝምታው ብርታትን። የጠፋ ዕቃ እንዲገኝለት የሚለምን ሰውም አይፈር፤ አንድ ወጣት የቅዱሱን የመዝሙር መጽሐፍ ሰርቆ በጸሎቱ ኃይል እንደ መለሰለት በትውፊት ስለሚነገር፣ ምዕመናን ለዚህ ጉዳይ እርሱን ሲለምኑ ኖረዋል።

ከዐፅሞቹ በኋላ

መተላለፊያውን ጨርሰው ወደ ቀኙ ክንፍ ሲደርሱ ከመቃብሩ ትይዩ የቅዱስ ያዕቆብን ጸሎት ቤት ያገኛሉ፤ አልቲኪዬሮ በ14ኛው መቶ ዘመን የሣለው ሰፊ የስቅለት ሥዕል በዚያ ነው። በ2021 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የፓዱዋ የግድግዳ ሥዕሎች መካከል የባሲሊካው ሥዕሎች ይገኛሉ። በዋናው መንበር ላይ ደግሞ የዶናቴሎ የነሐስ ሐውልቶች ቆመዋል። ለሥነ ጥበብ የመጣ ሰው ለእነዚህ ብቻ ሌላ ጊዜ ቢመድብ ይሻላል፤ ጸሎትንና ጉብኝትን በአንድ ዙር ማጣመር ሁለቱንም ያጎድላል።

ንስሐ መግባት የሚፈልግ ካቶሊክ በባሲሊካው ውስጥ በመደበኛነት የሚያናዝዙ ካህናት ያገኛል፤ በየመናዘዣው ላይ ካህኑ የሚናገራቸው ቋንቋዎች ስለሚጻፉ ያንን አይቶ መምረጥ ይቻላል። ካቶሊክ ያልሆነ ሰው በቅዳሴው መካፈል ይችላል፤ በቁርባን ሰዓት ግን በመቀመጫው ይቆያል። መስቀል፣ መቁጠሪያ ወይም ሥዕል ገዝተው ለማስባረክ ከፈለጉ በገዳሙ በኩል ይህን የሚያደርጉ መነኮሳት አሉ። ባሲሊካውን የሚያገለግሉት ኮንቬንቱዋል የሚባሉት ፍራንቸስካውያን ናቸው፤ ጥያቄ ካለዎት እነርሱን በአክብሮት ይጠይቁ። ከቤተ መቅደሱ በስተቀኝ ወደ ገዳሙ አደባባዮች ይወጣሉ፤ ትልቅ የማግኖሊያ ዛፍ ያለበት ግቢ አረፍ ለማለት የተመቸ ነው።

ስለ ዐፅም ግዢ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በኢንተርኔትም ሆነ በአሮጌ ዕቃ ገበያ የቅዱስ እንጦንዮስ ዐፅም ነው ተብሎ በትንሽ ክብ መያዣ የሚሸጥ ነገር ያጋጥማል። በካቶሊክ የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ በአንቀጽ 1190፣ ቅዱሳት ዐፅሞችን መሸጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። እውነተኛ ቅሪት በቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን የተፈረመና ማኅተም ያለበት የማረጋገጫ ጽሑፍ ይኖረዋል፤ ማኅተሙ የተሰበረ ወይም ወረቀት የሌለው ከሆነ ሊታመን አይገባም። ከፓዱዋ የሚመለስ ሰው ለቤተሰቡ መታሰቢያ ቢፈልግ መቃብሩን ያስነካው መሐረብ ወይም ሥዕል ይበቃዋል፤ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅና ከጥንት የነበረ ልማድ ነው።

ግማሽ ቀን የተረፈው ተሳላሚ ቅዱሱ ወዳረፈበት ወደ አርቼላ ቢሄድ ጉዞው የተሟላ ይሆናል። ስፍራው ዛሬ ከባቡር ጣቢያው በስተሰሜን ያለ የከተማው ሰፈር ነው፤ ያው ትራም በዚያ ያልፋል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቅዱሱ የሞተበት ትንሽ ክፍል ተጠብቆ ይገኛል፤ እንደ ባሲሊካው ሰልፍ የለበትም። በእግር መጓዝ የሚችል ደግሞ የመጨረሻ ሳምንታቱን ካሳለፈበት ከካምፖሳምፒዬሮ ተነሥቶ በአርቼላ በኩል እስከ ባሲሊካው የሚደርሰውን የተሳላሚዎች መንገድ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል፤ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። በጣሊያን አነስተኛ አብያተ ክርስቲያናት በቀትር ለጥቂት ሰዓታት የመዘጋት ልማድ ስላላቸው፣ አርቼላን ከረፋዱ በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ዘግየት ብለው ይሂዱ።